«ሲስተሙ ስሎው ነው» ሲባል የትኛው ነው ስሎው?
በዲኤችአይኤስ 2 ምሳሌነት የቀረበ የመላ ፍለጋ ጽሑፍ

በዚህ ዕትም ልጽፍበት የመረጥኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ ነገር ነው። በብራውዘር የሚከፈት አንድ የመረጃ ሥራ ሶፍትዌር ይጎተታል፤ ክቡ ይሽከረከራል፤ ተጠቃሚው «ሲስተሙ ስሎው ነው» ይላል፤ የአይቲ ባለሙያው ደግሞ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይሄዳል። በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ ግን የተግባር ልምምዴን በሰሜን ሸዋ ዞን ባለ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ስሠራ ይህንኑ ንግግር በቀን አሥር ጊዜ እሰማ ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ የተማርነውን የኔትወርክና የዳታቤዝ ትምህርት ይዤ «የትኛው ነው ስሎው?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ከዚያም በላባችን ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩን ጭኜ ነገሩን ለብቻው ሞከርኩት። ከዚህ በታች ያለው ከሁለቱም ያገኘሁት ነው።

ሶፍትዌሩ ምንድን ነው?

ከጤና ኬላ ተነስቶ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው ወርሃዊ ሪፖርት በአሁኑ ጊዜ የሚገባው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ነፃና ኮዱ ክፍት ሲሆን ልማቱን የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ዲኤችአይኤስ የተሠራው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሲሆን በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የቆመ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነበር። ሁለተኛው ግን በጃቫ እንደ አዲስ ተጽፎ በብራውዘር የሚሠራ ሆነ። አገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ እየተጠቀመችበት ነው። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር መሥራት ስለሚችልም ለኛ ተመችቷል።

ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም። ድሮ መረጃው በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ በፍላሽ ይዞር ነበር። አሁን አንድ ሰርቨር አለ፤ ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል። ቫይረስና የጠፋ ፍላሽ ቀረ፤ በምትኩ መንገዱ መጣ። እንግዲህ የዛሬው ጉዳያችን ይህ መንገድ ነው።

የሪፖርት ወሩ የሚቆጠረው ከወሩ 21ኛ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ነው። ስለዚህ ወሩ ከተዘጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሁሉም ጤና ተቋም በአንድ ጊዜ ገጹን ይከፍታል። በዚህ ሰዓት ገጹ አልከፍት ካለ የመረጃ ባለሙያው (በተለምዶ ኤችአይቲ የምንለው) ወይ ቢሮ ያመሻል፣ ወይ ወረቀቱን ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ይሳፈራል፣ ወይ ደግሞ ሪፖርቱ ይዘገያል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚመጣው የወባ ቁጥር አንድ ሁለት ጤና ጣቢያ ቢጎድለው፣ ዞን ላይ ተቀምጦ ለመድኃኒት ዕቅድ የሚያወጣው ሰው የሚያየው ከእውነቱ ያነሰ በሽታ ነው። ግራፉ «ጎደለኝ» አይልም፤ ዝቅ ብሎ ዝም ይላል።

መጀመሪያ ኤፍ 12

መጎተት በአራት ቦታ ሊፈጠር ይችላል፦ በተጠቃሚው ኮምፒውተር፣ በመንገዱ፣ በሰርቨሩ፣ ወይም ገጹ ራሱ በተሠራበት መንገድ። አራቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ክቡ ይሽከረከራል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱ አንድ ስለሆነ በሽታው አንድ ይመስላል።

መለያው በእጃችን ነው። በክሮም ላይ ኤፍ 12ን ተጫኑና ኔትወርክ የሚለውን ታብ ክፈቱ፤ ከዚያ ገጹን እንደገና ጥሩት። ገጹ የጠየቃቸው ፋይሎች በሙሉ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፣ በቀኝ በኩልም እንደ ፏፏቴ ወደ ታች የሚወርዱ አግዳሚ መስመሮች ይታያሉ። አንዱን ፋይል ነክታችሁ ታይሚንግ የሚለውን ስታዩ ጊዜው በክፍል በክፍሉ ተበትኖ ይቀርባል፤ በወረፋ የቆየው፣ የሰርቨሩን አድራሻ ስም ሲፈልግ የወሰደው፣ ግንኙነት ሲከፍት የወሰደው፣ ምስጢራዊ ቁልፍ ሲለዋወጥ የወሰደው፣ ከሰርቨሩ የመጀመሪያዋን ባይት ሲጠብቅ የቆየው (አረንጓዴው)፣ በመጨረሻም ፋይሉን ሲያወርድ የወሰደው (ሰማያዊው)።

አረንጓዴው ከረዘመ ሰርቨሩ እያሰበ ነው ወይም መንገዱ ሩቅ ነው። ሰማያዊው ከረዘመ ፋይሉ ከብዷል ወይም መስመሩ ጠቧል። በወረፋ ያለው ከረዘመ ገጹ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ጠይቋል። መስመሮቹ ሁሉ አጭር ሆነው ገጹ ግን አሁንም ከተጣበቀ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

የኮምፒውተሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሽፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ክሮም የራሱን የሥራ ዝርዝር ያወጣል፤ የትኛው ታብ ምን ያህል ሚሞሪ እንደያዘ ይታያል። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ኮምፒውተር ላይ አሥራ አምስት ታብ ተከፍቶ፣ ከኋላ አንቲቫይረስ ስካን እያደረገ፣ ዲኤችአይኤስ ብቻ ተለይቶ ሊወቀስ አይገባም። ታቡን ዝጉት፣ ስካኑን ወደ ምሳ ሰዓት አዙሩት፤ ይኸው ነው።

ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው ገበያተኛ

ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለመንገዱ ነው፤ ምክንያቱም በኛ አካባቢ ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። «መስመሩ ይስፋልን» ተብሎ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ይሰፋል፤ ገጹ ግን እንደ ድሮው ይጎተታል። ከዚያ ሁሉም ግራ ይገባዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ ነጋዴ ጎረቤላ ላለው ሱቁ 120 ዓይነት ዕቃ ከደብረ ብርሃን ገበያ ያስፈልገዋል እንበል። ስድስት ልጆች አሉት። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ጉዞ ይዞ የሚመለሰው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። 120 ለ 6 ሲካፈል 20 ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ ሃያ ጊዜ መመላለስ አለበት። አሁን ለነጋዴው ትልቅ አይሱዙ ብንሰጠው ምን ይጠቅመዋል? አይሱዙው አንድ ፓኬት ክብሪት ጭኖ ሃያ ጊዜ ይመላለሳል። የሚጠቅመው ወይ መንገዱ ቢያጥር፣ ወይ ዝርዝሩን አንድ ላይ ጽፎ ቢልክ፣ ወይ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ እንደገና ባይገዛ ነው።

ብራውዘሩም ልክ እንደዚህ ነው። በቀድሞው የኤችቲቲፒ 1.1 አሠራር ክሮም ከአንድ ሰርቨር ጋር በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ስድስት ግንኙነት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አንድ ፋይል ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የመመላለሻ ጊዜ እንበለው። የመስመር ስፋት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የአይሱዙው መጠን ነው።

በቁጥር እንሥራው። ገጹ 120 ፋይሎች አሉት፣ ድምራቸው 3 ሜጋ ባይት ነው፣ መስመሩ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ነው፣ የመመላለሻ ጊዜው ደግሞ 600 ሚሊ ሰከንድ ነው ብለን እንነሳ። ግንኙነት ለመክፈት አንድ ምልልስ፣ ለምስጢራዊው ቁልፍ (በቲኤልኤስ 1.2) ሁለት፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ፤ በጠቅላላው አራት ምልልስ ወይም 2.4 ሰከንድ። ሃያ ዙር ምልልስ በ600 ሲባዛ 12 ሰከንድ። 3 ሜጋ ባይት ማለት 24 ሜጋ ቢት ስለሆነ ለማውረድ ሌላ 12 ሰከንድ። ድምሩ 26.4 ሰከንድ ይሆናል። እውነተኛው ብራውዘር አንዱን ከሌላው ጋር እያደራረበ ስለሚሠራ ቁጥሩ በትክክል ይህ አይሆንም፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃናል።

አሁን መስመሩን አምስት እጥፍ አስፍተን 10 ሜጋ ቢት እናድርገው። ማውረዱ ወደ 2.4 ሰከንድ ይወርዳል፣ ሌላው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ድምሩ 16.8 ሰከንድ ነው። አምስት እጥፍ ከፍለን ግማሹን እንኳ አላዳንም። በሌላ በኩል መስመሩን እዚያው 2 ሜጋ ላይ ትተን የመመላለሻ ጊዜውን 60 ሚሊ ሰከንድ ብናደርገው 0.24 ሲደመር 1.2 ሲደመር 12፣ ማለትም 13.4 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ከአምስት እጥፉ መስመር የተሻለ ነው ማለት ነው! መስመሩን ሳንነካ ከ120ው ፋይል 110ሩ ቀድሞውኑ ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? የሚቀረው አሥር ፋይል በሁለት ዙር ያልቃል። እዚህ ላይ ስደርስ ነው የምር የገረመኝ፤ ትልቁ ገንዘብ የማያስወጣው መፍትሔ ነበር።

የመመላለሻ ጊዜ 600 የሚደርሰው ከየት መጥቶ ነው የሚል ይኖራል። ርቀቱ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው ብንል ደርሶ መልሱ 1.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በመሣሪያዎች፣ በመዞርያ መንገድና በወረፋ የሚጠፋ ነው። በሳተላይት (በቪሳት) የሚገናኝ ቦታ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንደዚሁ። አራት ጊዜ 35,786ን ለ300,000 ስናካፍል ወደ 480 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ይህን ማንም ባለሙያ ሊቀንሰው አይችልም፤ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ «መስመር ይስፋ» የሚል ደብዳቤ ከመጻፍ የምልልሱን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

ወረፋው ግን በእጃችን ነው። በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ጠዋት ፒንግ ሳደርግ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ይመጣ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያው ኮምፒውተር ላይ በብዙ መቶዎች ይሆናል። ስለ ነገሩ የጠየቅኳቸው ኤችአይቲ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ «አይ የኔ ልጅ፣ እሱ ወር ማለቂያ ሲደርስ እንዲህ ያደርገዋል» አሉኝ። «እትዬ፣ ዋይፋዩን ለአሥር ደቂቃ ብናጠፋው ሰው ይቆጣል?» ብዬ አስፈቅጄ አጠፋነው። ፒንጉ ወዲያው ወደ ጠዋቱ ተመለሰ። በዋይፋዩ ላይ የተንጠለጠሉት ስልኮች የቴሌግራም ቪዲዮ ያወርዳሉ፤ ሁለት ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴት እየጎተቱ ነበር። እነዚህ ትላልቅ ፋይሎች ራውተሩ ላይ ወረፋ ይሠራሉ፣ የዲኤችአይኤሷ ትንሽ ጥያቄ ከኋላቸው ትቆማለች። ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብሎ ምልክት ማድረግ አብዛኛውን አፕዴት ያስቆመዋል። ራውተሩ የሚችል ከሆነም ለሪፖርት ኮምፒውተሮቹ ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። የወሩ ማለቂያ ብቻ ሳይሆን የከሰዓቱም ነገር ነበረበት ማለት ነው።

(ፒንግ የማይመልስ ሰርቨር ያጋጥማል። ያን ጊዜ ታይሚንግ ላይ ግንኙነት ለመክፈት የወሰደውን ጊዜ አይታችሁ የምስጢራዊ ቁልፉን ጊዜ ቀንሱለት፤ የቀረው አንድ ምልልስ ያህል ነው።)

«ሂስትሪውን አጥፋው»

ስለዚህ ምክር በተለይ መጻፍ ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም በየቢሮው የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። ገጽ ከተጎተተ «ሂስትሪውን አጥፋው፣ ካሹን ክሊር አድርገው»። ለብዙ ድረ ገጽ ጉዳት የለውም። ለዲኤችአይኤስ 2 ግን ሁለት ጉዳት አለው።

አንደኛው ከላይ ካየነው ሒሳብ ይወጣል። ብራውዘሩ ያስቀመጣቸው 110 ፋይሎች ይጠፉና 26.4 ሰከንዱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚህም በላይ የመረጃ ማስገቢያው ገጽ የቅጾቹን ዝርዝርና የተቋማቱን ዛፍ መጀመሪያ ሲከፈት አውርዶ እዚያው ያስቀምጣል፤ ይህም ይጠፋል። በሚስጥራዊ መስኮት (ኢንኮግኒቶ) መሥራት የለመደ ሰውም በየቀኑ ሳያውቀው ያንኑ ያደርጋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ዲኤችአይኤስ 2 ግንኙነት ሲቋረጥ የተጻፈውን ቁጥር ብራውዘሩ ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ መስመር ሲመለስ ይልከዋል። ያልተላከ ቁጥር ባለበት ሰዓት «ኩኪና የሳይት ዳታ» የሚለውን ሳጥን መርጦ ማጥፋት ማለት ያ ቁጥር ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። «ካሽድ ምስሎችና ፋይሎች» የሚለው ብቻ ቢጠፋ ገጹ ይዘገያል እንጂ ያልተላከው ቁጥር አይነካም። ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ መስኮት ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ተመርጠው ይገኛሉ። አንድ ቀን ሊረዳ የመጣ ልጅ እጁን ወደዚያ ሲሰድ እኒያው ሴትዮ «ተወው! ያላለፈ ዳታ አለበት» ብለው እጁን ያዙት። ከመጽሐፍ ያነበቡት አይደለም፤ ከዓመታት በፊት አንድ የጤና ጣቢያ ሙሉ ቅጽ እንዲሁ ጠፍቶባቸው ያውቃል።

ካሽ ማጥፋት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰርቨሩ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲሸጋገር የድሮው ፋይል ከአዲሱ ጋር ተጋጭቶ ገጹ ባዶ ይሆናል ወይም ግማሹ ይጠፋል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ያልተላከውን መላክ፣ ከዚያ ማጥፋት።

እግረ መንገዴን ስለ ድርብ ቁጥር ልናገር። «ሁለቴ ስለጫንኩት እጥፍ ይሆናል» የሚል ፍርሃት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። አይሆንም። አንድ ሕዋስ የሚታወቀው በምን ዓይነት መረጃ፣ በየትኛው ተቋም፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ክፍፍል እንደሆነ ነው፤ ደግሞ ቢጻፍ በነበረው ላይ ይተካል እንጂ አይደመርም። እያንዳንዱ ሕዋስ ጠቋሚው ሲለቀው ለብቻው ይላካል፣ ሲቀመጥም አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ የ300 ሕዋስ ቅጽ ማለት 300 ትናንሽ መልእክት ነው። አስፈሪው አረንጓዴ ሳይሆን ቀርቶ ሳይታይ የታለፈው ሕዋስ ነው።

ሰርቨሩ ሲሆን

ሰርቨሩን ከመንገዱ የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። በኤፍ 12 ዝርዝር ውስጥ አንድ ትንሽ ቋሚ ፋይል፣ ለምሳሌ የአርማውን ሥዕል ምረጡ፤ ከዚያ ስሙ ውስጥ «አናሊቲክስ» የሚል ያለበትን ጥያቄ ምረጡ። ሁለቱም የሄዱት በአንድ መንገድ ነው። የሥዕሉ አረንጓዴ አጭር፣ የአናሊቲክሱ አረንጓዴ ደግሞ ረጅም ከሆነ መንገዱን ተዉት፤ ሰርቨሩ እየቆጠረ ነው። ሁለቱም እኩል ከረዘሙ ደግሞ ወደ መንገዱ ተመለሱ። ከዚህ ፈተና የተሻለ ነገር በዚህ ሥራ ላይ አላገኘሁም።

ሰርቨሩ ምን ይቆጥራል? ዲኤችአይኤስ 2 ጥሬውን መረጃ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ያስቀምጣል፤ ለግራፍና ለሠንጠረዥ ግን አናሊቲክስ የሚባሉ ቀድመው የተዘጋጁ ሰንጠረዦችን ያነባል። እነዚህ የሚታደሱት በተያዘላቸው ሰዓት፣ በአብዛኛው ሌሊት ነው። በመሆኑም ዛሬ የገባ ቁጥር ዛሬ ዳሽቦርድ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ይህ መጎተት አይደለም፣ ብልሽትም አይደለም። ሰው ግን «አልገባልኝም» ብሎ ደግሞ ያስገባል፣ በዚህም በተጣበበ ሰዓት ትራፊኩን ይጨምራል።

ዳሽቦርዱ ራሱም ጣጣ አለው። ሃያ ግራፍ ያለበት ዳሽቦርድ ሲከፈት ሃያ ለየብቻ የሆነ የአናሊቲክስ ጥያቄ ይልካል። ብዙ ሰው ደግሞ ሲገባ የሚቀበለው ይህ ገጽ ስለሆነ መረጃ ሊያስገባ የመጣውም ሰው መጀመሪያ ሃያ ግራፍ ይጠብቃል። የመረጃ ማስገቢያውን አድራሻ ቡክማርክ አድርጎ በቀጥታ መግባት ይህን ያስቀራል። ሠንጠረዥ ስትሠሩም አምስት ዓመት በሁሉም ጤና ኬላ ከመጠየቅ አሥራ ሁለት ወር በወረዳ ደረጃ መጠየቅ ለሰርቨሩም ለመንገዱም ይቀላል።

ላብ ውስጥ ያየሁት

ዲኤችአይኤስ 2 ከሴራሊዮን ስም ጋር የተዘጋጀ የመለማመጃ ዳታቤዝ ስላለው የማንንም እውነተኛ መረጃ ሳልነካ መሥራት ችያለሁ። ሊኑክስ ላይ ጫንኩት፤ በዚያው ማሽን ስከፍተው መንገድ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚታየው የሰርቨሩ ጊዜ ብቻ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ሲጫን ሼርድ በፈርስ የሚባለው ሚሞሪው 128 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ የማሽኑ ራም 8 ጊጋ ቢሆንም እሱ አያውቅም። ከፍ ሳደርገው ትላልቆቹ ሠንጠረዦች ሲደገሙ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በላይ የፈጁ ጥያቄዎችን በሎግ እንዲጽፍ ማዘዝም ይቻላል፤ የዳታቤዝ ኮርስ ላይ «ኤክስፕሌን» ምን ይጠቅማል ላላችሁት መልሱ እዚያ ሎግ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ መንገድ ሠራሁለት። የሊኑክስ «ቲሲ» ትእዛዝ «ኔትኤም» ከሚባለው ክፍሉ ጋር ሆኖ በኔትወርክ ካርዱ ላይ ሰው ሠራሽ መዘግየት ይጨምራል፤ 100፣ 300፣ 600 ሚሊ ሰከንድ እያልኩ ከጎን ባለው ኮምፒውተር ከፈትኩት። በ600 ላይ ገጹ የጎረቤላው ገበያተኛ ሆነ፤ መስመሩ ግን የላባችን የሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ነበር። ይህን ያየ አንድ የክፍሌ ልጅ «እና የከፈልንለት 100 ሜጋ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ከፊት ኤንጂንኤክስ አስቀምጬ ሁለት ነገር አበራሁ። ጂዚፕ ጽሑፍ የሆነውን ሁሉ ጨምቆ ይልካል፤ ለጄሰን ፋይል መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ሰማያዊው መስመር አጠረ። ሁለተኛው በ2015 እ.ኤ.አ. ደረጃው የወጣለት ኤችቲቲፒ 2 ነው፤ በአንድ ግንኙነት ላይ ብዙ ጥያቄ በአንድ ላይ ይልካል፣ ማለትም ነጋዴው በመጨረሻ ዝርዝሩን ጽፎ ላከ። በወረፋ የሚባክነው ጊዜ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ደግሞ ከመክፈቻው አንድ ምልልስ ይቀንሳል። ሦስቱም የሰርቨር አስተዳዳሪው ሥራ ናቸው፤ ወረዳ ላይ ያለ ሰው ሊያበራቸው አይችልም። መብራታቸውን ግን በኤፍ 12 ማየት ይችላል።

መቋረጥና መጎተት እንዳይምታቱም ልብ በሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም ነበር። ያን ጊዜ የሚጠቅመው ብራውዘሩ የያዘውን ሳይነኩ መጠበቅ፣ ወይም በወረቀትና በኤክሴል ይዞ መስመር ያለበት ቦታ መድረስ ብቻ ነው።

ለበላይ አካል ስናመለክት

«ስሎው ነው» የሚል መልእክት የሚደርሰው አስተዳዳሪ ምንም ሊያደርግበት አይችልም። የትኛው ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ የሥዕሉ አረንጓዴ ስንት፣ የአናሊቲክሱ አረንጓዴ ስንት፣ ፒንግ ስንት፣ ዋይፋዩ ሲጠፋስ ስንት? እነዚህ ስድስት ነገሮች በአንድ የስልክ መልእክት ይገባሉ። ብራውዘሩ የኔትወርኩን ዝርዝር በሙሉ ሃር በሚባል ፋይል ማስቀመጥም ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ የመግቢያ ኩኪና አንዳንዴም የይለፍ ቃል ሊኖር ስለሚችል በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍም።

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ አፓቼ ኤርፍሎው የመረጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እሱም በ2014 እ.ኤ.አ. ኤርቢኤንቢ ውስጥ የተጀመረ፣ በብራውዘር የሚታይ የመረጃ ፍሰት መቆጣጠሪያ ነው፤ በሽታውም ተመሳሳይ ነው። የድሮ ሩጫዎች ታሪክ ዳታቤዙ ውስጥ እየተከመረ ሲሄድ አረንጓዴው ይረዝማል። ከ2.3 ቨርዥን ወዲህ የድሮውን ማጽጃ ትእዛዝ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚታዩትን ሩጫዎች ቁጥር መቀነስም ይረዳል። ከማጽዳታችሁ በፊት ግን የሥዕሉንና የዳታውን አረንጓዴ አወዳድሩ።

የሴራሊዮኑ መለማመጃ ያለበት ቨርችዋል ማሽን ላባችን ውስጥ በመስኮቱ በኩል ባለው የመጨረሻ ኮምፒውተር ላይ አለ። መዘግየቱ አሁን 300 ላይ ነው የተቀመጠው፤ ኤንጂንኤክሱን አጥፍቼዋለሁ። መጥታችሁ ራሳችሁ አብሩት።